ራዕያችን፦ በ2025 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር)

በአገራችን የመሥሪያ ቤቶችን ራዕይና ተልዕኮ በጥሞና የሚያነብ አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ቢኖር ባለጉዳይ ነው። ሠራተኛው በየቀኑ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ሰሌዳውን ከግድግዳው ቀለም ለይቶ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ኃላፊውም አያነበውም፤ ያጸደቀው እርሱ ስለሆነ ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ባለጉዳዩ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ፣ የስልኩም ባትሪ ሲያልቅበት፣ ፊት ለፊቱ ከተሰቀለው ሰሌዳ በቀር የሚያነበው ነገር ስለማይኖረው፣ «ቀልጣፋ፣ ፍትሐዊና ተደራሽ አገልግሎት በመስጠት የተገልጋዩን እርካታ ማረጋገጥ» የሚለውን ሐረግ እስከ ምሳ ሰዓት በቃሉ ይይዘዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ተልዕኮውን በትክክል የሚፈጽም መሥሪያ ቤት ቢገኝ ተልዕኮውን የሚያነብለት ሰው እንደማያገኝ ነው፤ ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ ያለቀለት ሰው ግድግዳ የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሰሌዳው ሦስት ክፍል አለው። ራዕይ የት መድረስ እንደተፈለገ፣ ተልዕኮ መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደተቋቋመ፣ እሴቶች ደግሞ ሥራው በምን ዓይነት ጠባይ እንደሚሠራ ይናገራሉ። በሐሳቡ ላይ ስሕተት የለበትም፤ ለምን እንደተቋቋመ የማያውቅ ድርጅት የሚያደርሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ ያለው በአጻጻፉ ላይ ነው። ራዕዮቻችን ሁሉ በአንድ እጅ የተጻፉ እስኪመስሉ ድረስ «በዚህ ዓመተ ምሕረት፣ በዚህ ዘርፍ፣ በአፍሪካ ተመራጭና ተወዳዳሪ ተቋም ሆኖ ማየት» የሚሉ ናቸው። «ተመራጭ» የምትለዋን በተለይ ልብ ይሏል። የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ በሆነበት ወረዳ ባለጉዳዩ ይህን መሥሪያ ቤት ከማን ጋር አወዳድሮ ሊመርጠው ነው? በአፍሪካ ደረጃ ተወዳዳሪ ነው ቢባልስ፣ የወረዳው ነዋሪ አገልግሎቱ ቢከፋበት ናይሮቢ ሄዶ የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣ ይሆን? እሴቶቹም ቢሆኑ ግልጸኝነትንና ተጠያቂነትን ሳይዙ የወጡበት ቀን የለም። ግልጸኝነት የሚለው ቃል «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ከሚል ወረቀት ጎን ተለጥፎ ያየሁበት በር ነበር፤ ሁለቱም ጽሑፎች ማኅተም ነበራቸው።

ይህን ሁሉ የእኛ ብቻ ጉድ አድርገን እንዳንወስደው የአሜሪካውን ኤንሮን ማስታወስ ይበቃል። ያ የኃይል ኩባንያ መከባበርን፣ ሐቀኝነትን፣ ተግባቦትንና ልህቀትን እሴቶቼ ናቸው ብሎ በይፋ አውጆ ሳለ፣ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ የደበቀው ጉድ ወጥቶ በታኅሣሥ 2001 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከስሯል። በአንጻሩ በዚያው አቆጣጠር በ1993 ብዙ ገንዘብ ይከስር የነበረውን የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤምን እንዲያድን የተቀጠረው ሉ ገርስትነር፣ ኩባንያው በዚያ ሰዓት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ራዕይ እንደሆነ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ብዙ ተሳልቆበታል። ኩባንያው ግን አገግሟል።

ወደ እኛ ግድግዳ እንመለስ። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የገባው የአሠራር ለውጥ ሁሉ የራሱን ሰሌዳ ይዞ ገብቷል። ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲመጣ ራዕይና ተልዕኮ ተሰቀለ። ቢፒአር፣ ማለትም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሲመጣ ግድግዳ ፈርሶ ጠረጴዛዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተደረደሩ፣ የመምሪያ ኃላፊ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆኖ አደረ፣ ሰሌዳውም ታደሰ። ቀጥሎ ውጤት ተኮር ሥርዓቱ፣ ማለትም ቢኤስሲ፣ ከዕይታዎቹና ከስትራቴጂያዊ ግቦቹ ጋር ገባ፤ ከዚያም በ2004 ዓ.ም. ለራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ስልት፣ ካይዘን፣ መጣና ዕቃ ሁሉ በየቦታው እንዲቀመጥ አዘዘ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም የቀድሞ ሰሌዳ ሲወርድ አይታይም። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይሰቀላል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያለው ባለጉዳይ ከመግቢያው በር ተነሥቶ እስከ መዝገብ ቤት ሲራመድ የሠላሳ ዓመት የአስተዳደር ታሪክ በቅደም ተከተል ያነባል ማለት ነው።

ራዕይ እንዴት እንደሚረቀቅ ያላየ ሰው የዚህን ሰነድ ክብደት ሊረዳ አይችልም። በመጀመሪያ ራዕይ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሊታይ አይችልም፤ «ለትኩረት እንዲያመች» ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። የሐይቁ አየር ራቅ አድርጎ ለማሰብ ይረዳል ይባላል፣ አበሉም እንዲሁ። አመቻቹ ተሳታፊዎችን በቡድን ይከፍላል፣ ለያንዳንዱ ቡድን አንድ ፍሊፕ ቻርትና ሁለት የደረቁ ማርከሮች ይሰጣል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላም ክርክሩ ይጦፋል። እኔ በተገኘሁበት በአንዱ፣ ከግማሽ ቀን በላይ የወሰደው ጥያቄ «በምሥራቅ አፍሪካ» ይባል ወይስ «በአፍሪካ» የሚለው ነበር። ከወደ ኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ የመስክ ሠራተኛ እጁን አውጥቶ፣ «መጀመሪያ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ጥሩ ብንሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አመቻቹ በትሕትና ፈገግ ብሎ ራዕይ ትልቅ ማሰብን እንደሚጠይቅ አስረዳው፤ ሰውዬውም እስከ መዝጊያው ድረስ ዳግም አልተናገረም። በመጨረሻ የጸደቀው «በአፍሪካ» የሚለው ነው። ከተሳታፊዎቹ መካከል የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አልነበሩም፤ መዝገብ ቤት ያለችውም ሴት አልተጋበዘችም። ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ባለጉዳይ በር ላይ ሲደርስ «ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሲስተምም የለም፣ ለማንኛውም ነገ በጠዋት ይሞክሩ» የሚሉት ዘበኛው ናቸው፤ ይህች ዐረፍተ ነገር ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ፣ የሚሠራበትን መንገድና ለነገ ያለውን ተስፋ አንድም ሳታስቀር ትናገራለች።

የራዕይ ዋናው አካል ግን ዓመተ ምሕረቱ ነው። የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ አገራችንን በ2025 መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ አሰልፎ ማየትን ራዕዩ ካደረገ በኋላ፣ ያቺ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የራሱን ጉዞ በ2025 እንዲያበቃ አደረገ። ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ሲረቀቅ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ግን መጻፉ አስፈላጊ መስሎ አልታየም። ያን ጊዜ ቀኑ ሩቅ ስለነበረ ማንም አልተጨነቀም። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን ልዩ ልዩ መፍትሔዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዳንዱ በመጨረሻው አኃዝ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ለጠፈ፣ ወረቀቱም በፀሐይ ሲጠቀለል የቀድሞው ቁጥር ከሥሩ ብቅ አለ። አንዳንዱ ዓመቱን ጨርሶ ፍቆ «በቅርብ ዓመታት ውስጥ» የሚል ተካበት፤ ይህም «ላም አለኝ በሰማይ» ከሚለው ተረት በአንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ሁሉንም ያስከነዳው ግን አንድ ወዳጄ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የተገኘው መፍትሔ ነው። በዓመታዊ ግምገማ ላይ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ተነሥታ፣ «ራዕያችን ሊያበቃ የቀሩት ወራት ናቸው፤ የት ደረስን?» ብላ ጠየቀች። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ አልደነገጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ 2025 የተባለው በራሳችን አቆጣጠር ነው» አሉ። እንዲህ ሆኖ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሳንቲም በጀት ሳያወጣ፣ አንድ ሠራተኛ ሳያሠለጥን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አተረፈ። የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ቱሪስት ከመሳብ ያለፈ ጥቅም የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

ፍርዴ አንድ ወገን እንዳይመዝን፣ ዓመተ ምሕረቱን በቁም ነገር የያዘ ድርጅትም እንዳለን መመስከር ይገባኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 (በአውሮፓውያኑ) ራዕይ 2025 የሚል የአሥራ አምስት ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ፣ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት መንገደኛ፣ ምን ያህል ገቢ የሚለውን ቆጥሮ አስቀመጠ። ቀኑ ሲቃረብም አቆጣጠር መቀየር አላስፈለገውም፤ ይልቁንም ራዕይ 2035ን ጀመረ። ምስጢሩ የቃላቱ ውበት አይመስለኝም። አውሮፕላን የሚቆጠር ነገር ስለሆነ፣ ሃምሳ ሳለ መቶ ነው ማለት አይቻልም። «እርካታ» ግን አይቆጠርም፤ በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ሊለካ ይችል ነበር፣ የሳጥኑ ቁልፍ ግን የተዛወረ ሰው ጋር ነው።

እንዲያውም ራዕይ ወይም ተልዕኮ ምን ዋጋ አለው ተብሎ ብጠየቅ፣ መልሱን የምፈልገው ያልተፈጸመ ዕለት ማን ምን ይከፍላል ከሚለው ላይ ነው። በዚህ መመዘኛ ከሆነ ደግሞ በአገራችን ተልዕኮውን ከማንም በላይ የሚያውቀው ተቋም እድር ነው። እድር መተዳደሪያ ደንብ እንጂ ሰሌዳ የለውም። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ይቀጣል። «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሬሳ ሰምቼ አላውቅም።

በሰፈራችን ይህን ለማሻሻል የታሰበበት ጊዜ ነበር። በአንድ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከፕላን ሥራ በጡረታ የወጣ፣ አሁን ግን በአማካሪነት እየተጠራ ራዕይ የሚያስቀርጽ አንድ አባላችን ተነሣና፣ «ጋሼ፣ እድራችን ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ራዕይና ተልዕኮ የሌለው መሆኑ ያሳዝናል» ብሎ፣ አዘጋጅቶ የመጣውን አነበበልን። «በ2030 ዓ.ም. ተገልጋዮቹን በላቀ ደረጃ ያረካ፣ ተደራሽነቱን ያሰፋ፣ ተመራጭ እድር ሆኖ ማየት» ይላል።

የእድሩ ዳኛ ዝም ብለው አዳመጡት። ቀድመው የተናገሩት ከወጥ ቤት ኮሚቴው እማማ ናቸው።

«ልጄ፣ ተገልጋይ የምትለው ሐዘንተኛውን ነው ወይስ ሟቹን?»

«ባለድርሻ አካላቱን በሙሉ ነው፣ እማማ።»

«ሟቹ መርካቱን ማን ይነግረናል?»

ሰውዬው ይህ በዳሰሳ ጥናት እንደሚታይ ሊያስረዳ ሲጀምር፣ ከጎኔ የተቀመጡት ባለሱቅ፣ «ተደራሽነቱን ያሰፋ ሲል ብዙ ሰው ይሙት ማለቱ ነው እንዴ?» ብለው ጮክ አሉ። ግማሹ ጉባኤ አማተበ፣ ግማሹ «አዑዙ ቢላህ» አለ። አንድ ሰው ሰሌዳው ስንት ብር እንደሚፈጅ ጠየቀ፤ ዋጋው ሲነገር የሃያ ፕላስቲክ ወንበር ዋጋ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ተጠንቶ ይቅረብ» አሉ። የሚያጠናው ኮሚቴ ግን አልተሰየመም፤ በእኛ አገር የስብሰባ ሥርዓት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

ወደሚቀጥለው አጀንዳ ከመታለፉ በፊት ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ አባላችን ባለፈው ወር ቀብር ላይ ስሙ ተጠርቶ እንዳልተገኘ አስታወቀ። እርሱም ያን ዕለት ቢሾፍቱ አንድ መሥሪያ ቤት ራዕይ ሲቀርጽ እንደዋለ አስረዳ፤ በደንቡ ላይ ግን ከቀብር መቅረት የሚፈቀደው ለታመመና አራስ ቤት ላለች ብቻ ነበር። መቀጮውን አውጥቶ ከፈለና፣ ለአማካሪነት ሒሳቡ ማወራረጃ ይሆነው እንደሆነ አላውቅም፣ ደረሰኝ ጠየቀ። ገንዘብ ያዡ እንደቆሙ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡት።