ማርክ የሚባል ሰው የምታውቁ

ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። ሦስት ዓመት ችዬ ኖሬያለሁ። ትናንት ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣሁት ነገር ግን ከልክ አለፈ። እሱን መጨረሻ ላይ ነው የማወራችሁ፤ አሁን ብነግራችሁ ስቃችሁብኝ ትሄዳላችሁ።

የሆኪ ካርድ (የተጫዋች ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርቶን) ሰብሳቢ ነኝ። አዎ፣ ሆኪ። እነዚያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጋጩት። «አንተን ከሆኪ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል። የምኖረው ካናዳ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ስትከፍት ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ኳሷ የት እንዳለች እንኳ አትታየኝም ነበር። (ኳስ አይደለችም፣ ፓክ ናት፤ ጠፍጣፋ የጎማ ነገር።) ሳላስበው ተለከፍኩ።

ካርድ ገዝቶ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። የኔ ግን ከዚያ ይብሳል። ካርዱን ለተጫዋቹ በፖስታ እልክለታለሁ፣ ይፈርምበታል፣ በፖስታ ይመልስልኛል። እንዲህ ነው የታሰበው እንግዲህ።

አሠራሩን ለማታውቁት፦ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእጅህ ትጽፋለህ። አንድ ካርድ፣ ቢበዛ ሁለት ትጨምራለህ። የራስህ አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ሌላ ፖስታ አጣጥፈህ ውስጡ ትከታለህ። ለቡድኑ አድራሻ ትልካለህ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ከመቆየቱ የተነሳ የራስህን እጅ ጽሑፍ አይተህ «ይሄ ደግሞ ከማን ነው?» ብለህ ፖስታውን የምታገላብጥበት ቀን አለ።

ከቴምብሩ ልጀምር። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ 32 ቡድን አለው። ካናዳ ውስጥ ያሉት 7 ብቻ ናቸው፤ 25ቱ አሜሪካ ናቸው። ወደ አሜሪካ ለሚሄደው ደብዳቤ በጃንዋሪ 2025 አንዱ ቴምብር 1.75 የካናዳ ዶላር ገባ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እሺ፣ ይሁን። የመልሱ ፖስታ ላይ ግን የካናዳ ቴምብር ብትለጥፍ እዚያ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ ቴምብር መሆን አለበት፤ ያውም ተራው ሳይሆን ለውጭ አገር የሚሆነው፣ ክብ የሆነው። ያንን ክብ ቴምብር ለማግኘት ድንበር ማዶ ያለ ዘመድ መለመን አለብኝ። የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን በስልክ «ሰው ከአሜሪካ ጫማና ሽቶ ያስልካል፣ አንተ ቴምብር!» ብላ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ካርዱን ማዘጋጀት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዘንድሮ ካርዶች እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። እንዲሁ ከላክኸው የሻርፒው (የመፈረሚያው ማርከር) ቀለም ካርዱ ላይ አይያዝም፤ ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንዳረፈ ውሃ ነጠብጣብ ይሠራል። ከዚያ የተጫዋቹ አውራ ጣት ይነካካዋል፣ የጠበቅኸው ፊርማ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ከመላክህ በፊት ፊርማው የሚያርፍበትን ቦታ በላጲስ ቀስ አድርገህ ታሻለህ፣ ወይም የሕፃን ፓውደር በጥጥ ነክተህ ትቀባዋለህ። ባለቤቴ «የልጁ ፓውደር የት እየገባ ነው?» ስትል ስንት ጊዜ ዝም ብያለሁ።

ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገህ እንዳትልከው ደግሞ ፖስታው ድርቅ ይልና ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ውስጥ መከራ ያያል። ማሽኑ ፖስታውን በሚሽከረከሩ ጎማዎች መካከል እያጎበጠ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ስስ ላስቲክ፣ ከፊትና ከኋላ ስስ ካርቶን። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሄደ አንድ ካርድ በጣም የሚያምር ፊርማ ይዞ ተመለሰልኝ። ካርዱ ላይ ባለው ግብ ጠባቂ ጭምብል ላይ፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል እጥፋት ነበረበት። ፊርማውን ሳይነካ! ማሽኑም አስቦበት ነው እንዴ?

ከዚያ ዝውውሩ አለ። በውድድር ዘመኑ ቡድኖቹ ግማሹን ጨዋታ ከሜዳቸው ውጪ ስለሚጫወቱ ደብዳቤው የቡድኑ ቢሮ ሳጥን ውስጥ ይከመራል። እንዳይከመር ብለህ ጊዜ መርጠህ ትልካለህ። እኔም መርጬ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ለአንድ ተከላካይ ላክሁ። የዝውውሩ መዝጊያ ማርች መጀመሪያ ላይ መሆኑን ረስቼ! ደብዳቤዬ ሳይደርስ ሰውየው ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረ። ደብዳቤ ደግሞ ተጫዋቹን ተከትሎ አይሄድም። እሱ አዲስ ማሊያ ለብሶ በቴሌቪዥን ሲንሸራተት አያለሁ፣ የኔ ካርድ የድሮ ቡድኑ ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ።

መጠበቁ የራሱ ቅጣት አለው። የኛ ሠፈር ፖስታ ቤት ለቤት አይመጣም፤ መንገድ ዳር የጋራ ሳጥን አለ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁልፍ አለው። ጃንዋሪ ላይ ያ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ይጣበቃል። ጓንትህን አውልቀህ በትንፋሽህ ታሞቀዋለህ። ይከፈታል። የመብራት ሂሳብ። የፒዛ ማስታወቂያ። የጥርስ ሐኪም ማስታወሻ። እና ምንም። የ2024ቱ የካናዳ ፖስታ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ጊዜ፣ ከኖቬምበር 15 እስከ ዲሴምበር 17፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ በየቀኑ ወጥቼ እከፍተው ነበር። ሰው በብርድ ለደሞዙ ተሰልፎ ቆሞ እኔ ለካርድ ማልቀሴ ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። ግን ወጣሁ።

ይሄን ሁሉ እችላለሁ። እውነቴን ነው። እጥፋቱም፣ ቅዝቃዜውም፣ ክቡ ቴምብርም የጨዋታው አካል ናቸው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሌላ ነው። ነጋዴዎቹ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1979–80 ኦ-ፒ-ቺ የሚባለው፣ ለንደን ኦንታሪዮ የነበረው ኩባንያ የዝነኛውን የሆኪ ተጫዋች የዌይን ግሬትዝኪን የመጀመሪያ ካርድ አወጣ። ጠርዙ ሰማያዊ ነው፤ ትንሽ ነካ ካደረግኸው ቀለሙ ተገርፎ ነጩ ይወጣል። ስለዚህ ያልተነካ ማግኘት ብርቅ ነው። በሜይ 2021 ምንም እንከን የሌለበት አንዱ በ3.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ሦስት ሚሊዮን ከሰባት መቶ ሃምሳ ሺ! ለካርቶን! ሰው ሁሉ ወረርሽኙን ፈርቶ ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ ይህ ወሬ ሲሰማ የሆነውን መገመት አያዳግትም። የሆኪ ዱላ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ ሁሉ ምድር ቤቱን መበርበር ጀመረ። ምድር ቤቱ ውስጥ ያጣ ደግሞ አሰበበት። የተፈረመ ካርድ ካልተፈረመው ይበልጣል፤ ተጫዋቾች በፖስታ በነፃ ይፈርማሉ፤ ታዲያ ይሄ ሽቀላ አይደለም?

አንድ ፖስታ ውስጥ አሥር ካርድ ይከታሉ። ደብዳቤው አንድ ነው፣ የተጫዋቹ ስም ብቻ ይቀየራል። «ልጄ እርስዎን እጅግ ያደንቃል።» ልጅ የለውም! አንዱ ስሙን ሳይቀይር ረስቶ የላከውን ደብዳቤ ፎቶ አይቻለሁ፤ ለግብ ጠባቂ «ያገቧቸው ጎሎች ሁሉ አይረሱኝም» ይላል።

ተጫዋቾቹ ደግሞ ሞኝ አይደሉም። ማክሰኞ የፈረሙትን ካርድ ሐሙስ ኢንተርኔት ላይ ሲሸጥ ያያሉ። ታዲያ ምን ያድርጉ? አንዱ ከናካቴው መፈረም ይተዋል። አንዱ ቢሮው የታተመ ፎቶ እንዲልክ ያደርጋል፤ ፊርማው አብሮ የታተመ፣ ጣትህን ብታሻው የማይለቅ፣ የማይሸት፣ የሞተ ነገር። ካርድህስ? ውሃ በላው። አንዱ ይፈርማል፣ ግን የዶሮ ጭረት ነው፤ አንድ ጠመዝማዛ፣ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያ የማሊያ ቁጥሩ። ቁጥሩ ባይኖር የማን እንደሆነ እሱ ራሱ አይለየውም።

እኔ እነሱን አልወቅስም። ግን የድሮዎቹን ፊርማ ያየ ሰው እንዴት አይከፋው? ጎርዲ ሃው ሲፈርም እያንዳንዱን ፊደል ታነባለህ። ዣን ቤሊቮ በተጫዋችነቱ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ 10 ጊዜ ያነሳ ሰው ነው፤ ለአድናቂ ደብዳቤ ራሱ መልስ በመስጠት ይታወቅ ነበር። ጽሑፉን ስታየው የድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ይመስልሃል፣ አንድ ፊደል አይዘልም። በዲሴምበር 2014 አረፈ። የቶሮንቶው ግብ ጠባቂ ጆኒ ባወርም እንደዚያው ነበር፤ በ93 ዓመቱ በ2017 እስኪያርፍ ድረስ ማንንም ባዶ እጁን አይመልስም ነበር ይባልለታል። (ባወር በ1967 ዋንጫ ካነሳ ወዲህ ቶሮንቶ ያለችበትን ሁኔታ አልነካካም። የቶሮንቶ ጓደኞች አሉኝ።) እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት ሁለቱም ካረፉ በኋላ ነው። ዕድሌ!

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ነጋዴ አለመሆኔን ላሳይ ብዬ ደብዳቤው ላይ «እባክዎ ስሜን ይጻፉበት» ማለት ጀመርኩ። የሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ገበያ ላይ አይፈለግም፤ ተጫዋቹም ይህን ያውቃል፣ ደስ ብሎት ይፈርማል። ጥሩ ዘዴ ነው። ስምህ ማይክ ወይም ጆን ከሆነ። የኔ ተፈራ ነው።

በትልልቁ ጽፌ፣ ትንሽ ካርቶን ላይ ለይቼ ነው የላክሁት። በአምስተኛው ወር የመጣው ካርድ ፊርማው እንከን አይወጣለትም፤ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ ከማሊያው በላይ። ከሱ ጎን፦ «ለቲፋኒ፣ መልካም ምኞት።»

ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተፌ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ስልኳ ላይም ቲፋኒ ሆኛለሁ።

እሺ፣ ትናንት። ከ14 ወር በፊት ለአንድ ጡረታ ለወጣ ግብ ጠባቂ ልኬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የሱ አይመስለኝም። ካርዱ የ1990–91 ነው። የዚያን ዘመን ካርድ በገፍ ስለታተመ ሳንቲም አያወጣም፣ ግን መጀመሪያ የሰበሰብኋት እሷን ነው። ሳጥኑን ከፈትሁ፤ የራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ክቡ ቴምብር። ልቤ ዘለለ። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ በጥርሴ ቀደድሁት።

ካርዷ ያቺው ናት። ያው ሰው፣ ያው ዓመት። ፊርማው ደግሞ፣ እናንተ፣ እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። ከበላዩ ግን «ለማርክ» ይላል።

መጀመሪያ «ደግሞ ማርክ አደረጉኝ?» አልሁ። ከቲፋኒ ወደ ማርክ፤ መሻሻል ነው። ከዚያ ጥጉን አየሁት። የኔ ካርድ በስተግራ ከታች ጥጉ ትንሽ የተነከሰ ነው፤ ይሄ ደህና ነው። የኔ አይደለም! ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፖስታ ከፍቶ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ካርድ ፈርሞ፣ አለዋውጦ አሽጓል። እዚያው ቆሜ ጮህኩ። ውሻ ይዛ የምታልፍ ጎረቤቴ መንገድ ቀይራ ሄደች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሳገላብጠው ጀርባው ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። «እባክዎ ለማርክ ብለው ይጻፉ። አባቴ ነው። ትንሽ ልጅ እያለ የእርስዎን ጨዋታ ያይ ነበር።» አንድ ካርድ ብቻ ነው የላከው። ወይም የላከችው።

አድራሻ የለውም። ፖስታው የኔ ነው፣ ደብዳቤውም አብሮ አልመጣም። ያለኝ ማርክ የሚለው ስም ብቻ ነው። በዚህ አህጉር ስንት ማርክ እንዳለ አስቡት።

እና ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። አባቱ ማርክ የሚባል፣ ለአባቱ ካርድ ልኮ የነበረ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩልኝ። ካርዱ እኔ ጋ ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ቢጫዋንም ወረቀት ከጀርባው አላነሳኋትም። እነሱ ጋ ደግሞ ጥጉ የተነከሰ ካርድ ደርሶ ይሆናል፤ ተፈራ ይላል፣ ቲፋኒም ሊል ይችላል። እሱ የኔ ነው። የመላኪያውን እኔ እችላለሁ፤ ክቡ ቴምብርም ሁለት ቀርቶኛል።