ጊደሯ ከየት መጣች?

ስለ ከብት በሽታ ሲወራ ሒሳብ የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም። ስለ መድኃኒት እናወራለን። ስለ ክትባት እናወራለን። ስለ እንስሳት ሐኪም እጥረት እናወራለን። ሒሳቡ ግን የተማሪ ቤት ነገር ተደርጎ ይታለፋል። እኔ ደግሞ የወተት ላሞቻችንን ቲቢ ያለ ሒሳብ መግታት አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ፍሮምሳ፣ የካምብሪጁ አንድሩ ኮንላን፣ የፔን ስቴቱ ቪቬክ ካፑር እና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። ሙከራው የተካሄደው እዚሁ አገራችን ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ቢሲጂ ለጥጃ ቢሰጥ የከብት ቲቢ ስርጭት ይቆማል ወይ? ቢሲጂ ማለት ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ጠባሳው ያለን የሕፃናት ክትባት ነው። ድሮውንም የተሠራው ከከብት ቲቢ ባክቴሪያ ነው። ካልሜት እና ጌሬን የተባሉ ፈረንሳውያን ባክቴሪያውን ለዓመታት ሲያዳክሙት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ወደ 3,000 የሚጠጉ የወተት ከብቶችን መርምሮ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ገደማ ቲቢ ተገኘባት። ከእርሻዎቹም ከግማሽ በላይ በሚሆኑት በሽታው ነበረ። የተዳቀለች ላም ከአገሬው ዝርያ ይልቅ ለዚህ በሽታ ትጋለጣለች። ቀኑን ሙሉ ሼድ ውስጥ ተጠጋግታ ስትውል ደግሞ ይብስባታል። በሌማት ትሩፋት የተዳቀሉ ላሞች ይብዙ እያልን ባለንበት ጊዜ ይህን መርሳት አይገባም።

ሀብታም አገሮች በሽታውን የሚከላከሉት መርምሮ በማረድ ነው። ምርመራው ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐኪሙ የላሟን አንገት ሁለት ቦታ ላይ ይላጫል። የቆዳዋን ውፍረት በመለኪያ ይይዛል። በአንዱ ቦታ ከወፍ ቲቢ ባክቴሪያ፣ በሌላው ከከብት ቲቢ ባክቴሪያ የተወሰደ ፕሮቲን ይወጋል። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደገና ይለካል። የከብቱ ፕሮቲን የተወጋበት ቦታ እብጠት የወፉ ከተወጋበት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ላሟ በሽታው አለባት ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ የተባለች ላም ትወገዳለች፣ ባለቤቷም ካሳ ያገኛል። እኛ ጋ አንዲት ጥሩ የተዳቀለች ጊደር ከመቶ ሺህ ብር በላይ ታወጣለች። ካሳ የለም። አራት ላም ያለው ሰው አንዷ ቲቢ አለባት ቢባል ምን ያድርግ? ልጆቹን የሚያስተምርባት ላም ናት። ያለው አማራጭ መሸጥ ነው። በሽታውም ከእሷ ጋር ተሸጦ ሌላ በረት ይገባል።

ሒሳቡ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የበሽታ ሞዴል የሚባለው፣ ማለትም የበሽታን ስርጭት የሚያሰላው ሒሳብ፣ በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። አንዲት የታመመች ላም ስንት ሌሎች ላሞችን ታስይዛለች? የዘርፉ ሰዎች ይህን ቁጥር አር ይሉታል። ሁለት ከሆነ አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ በረቱን ያዳርሱታል። ከአንድ በታች ከሆነ ግን አሥሩ ስምንት፣ ስምንቱ ስድስት ወይም ሰባት እያስያዙ እየመነመነ ይሄዳል። ማንም ላሙን ሳያርድ በሽታው በጊዜ ብዛት ይከስማል። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ክትባቱ ይህን ቁጥር ከአንድ በታች ያወርደዋል ወይ የሚለውን ነው።

የእነ አበበ ሙከራ የተቀመረው ለዚሁ ነው። በመጀመሪያ የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆችን ቲቢ ካለባቸው ላሞች ጋር ለአንድ ዓመት አብረው አኖሯቸው። ቀጥሎ ደግሞ እነዚያን ጥጆች ከአዳዲስ ጤነኛ ጥጆች ጋር አኖሯቸው። የመጀመሪያው ዙር የተከተበች ጥጃ በበሽታው ትያዛለች ወይ የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው ዙር ብትያዝስ ለሌላ ታስተላልፋለች ወይ የሚለውን ይመልሳል። ብዙ የክትባት ሙከራ የመጀመሪያውን ጠይቆ እዚያው ያቆማል።

ውጤቱን እዩት። ክትባቱ ጥጃዋን ከመያዝ የጠበቃት 58 በመቶ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ደካማ ክትባት ነው ብለን ወደ ጎን እናስቀምጠው ነበር። ሁለተኛው ዙር ግን ተከትባ የተያዘች ጥጃ በሽታውን የማስተላለፍ አቅሟ በ74 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አሁን ሁለቱን አገናኟቸው። ያለ ክትባት 100 ከነበረው የመተላለፍ ዕድል የመጀመሪያው 42 ያስቀራል። ከ42ቱ ደግሞ 26 በመቶው ብቻ ያልፋል። ይህ 11 ገደማ ነው። ከ100 ወደ 11 ወረደ ማለት ነው፤ ተመራማሪዎቹ አጠቃላይ ውጤታማነቱ 89 በመቶ ነው ያሉት ለዚህ ነው። አንዲትን ጥጃ ብቻ ስናይ መካከለኛ የሚመስለው ክትባት መላ መንጋው ላይ ሲታይ ትልቅ መሣሪያ ሆነ። ይህን ሐኪሙ በዓይኑ ሊያየው አይችልም። በሒሳብ ብቻ ነው የሚታየው።

እርግጥ 74 የተባለው ቁጥር የተቸነከረ አይደለም። እነሱ ራሳቸው ከ46 እስከ 98 በመቶ ሊሆን ይችላል ብለዋል። እኔ ዝቅተኛውን ይዤ አሰላሁት። 58ቱን እንዳለ ትተን 46ን ብንወስድ፣ 100 የነበረው ወደ 23 ይወርዳል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከዚያ ቀጥለው በአገራችን የወተት ዘርፍ ልክ ሞዴል ሠሩ። ጥጆችን በቋሚነት መከተብ የበሽታውን አር ከአንድ በታች ሊያወርደው እንደሚችል ሞዴሉ አሳየ። ይህ ግን በአንድ ክረምት የሚሆን ነገር አይደለም። የሚከተበው ጥጃ ነው። ትልልቆቹ ላሞች እንዳሉ በረቱ ውስጥ ይቆያሉ። እነሱ እስኪተኩ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ መሃል ደግሞ ባለቤቱ ከገበያ አንዲት ጊደር ገዝቶ ያስገባል።

ይቺ ጊደር ናት የሚያሳስበኝ። ጥናቶች እንዳሳዩት በሐዋሳ፣ በጎንደርና በመቀሌ ያሉ የወተት እርሻዎች ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሲነጻጸሩ የቲቢ መጠናቸው እጅግ ያነሰ ነው። ጥሩ ዜና ነው። የተዳቀለ ከብት ግን ወደ እነዚህ ከተሞች ይጓዛል፣ በብዛት ካለበት ወደሚፈለግበት። ደላላው ስለ ወተቷ ይናገራል፣ ስለ እናቷ ይናገራል። ከየትኛው በረት እንደወጣች የሚናገር ወረቀት ግን አብሯት አይሄድም። በረት ውስጥ የሚሆነውን ሞዴሉ በደንብ ሊያሰላ ይችላል። ከበረት በረት ያለውን ጉዞ ግን ሳንነግረው ሊያውቀው አይችልም።

ያለ በቂ መረጃ በሞዴል መወሰን ምን እንደሚያስከትል እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 አይታለች። የአፍና እግር በሽታ መግባቱ የተረጋገጠው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 20 ነበር። ከዚያ በፊት ግን የታመሙ በጎች በገበያ ተሸጠው አገሪቱን አዳርሰው ነበር። መንግሥት በሒሳብ ሞዴሎች ተደግፎ የታመመው እርሻ ብቻ ሳይሆን አጎራባቾቹም ከብቶቻቸው ይወገዱ አለ። በዘመቻው ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ። ጤነኛ ላሞቻቸው ዓይናቸው እያየ የተገደሉባቸው ገበሬዎች ነበሩ። አጎራባቾቹን ማስወገድ በእርግጥ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። ሞዴል የሚፈራ ሰው ይህን ቢያነሳ አልፈርድበትም። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ሞዴል ይቅር የሚለውን አይደለም። የእንስሳቱን ጉዞ ቀድሞ የማያውቅ አገር በችኮላ ይወስናል፣ ዋጋውን ገበሬው ይከፍላል።

እኛም በሽታ የት እንደሚኖር አስቦ መሥራትን እናውቅበታለን። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በአፄ ምኒልክ ዘመን በክፉ ቀን የአገሩን ከብት ጨርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ የጠፋው መላ አገሩን በየዓመቱ በመከተብ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ የተደበቀባቸው እንደ አፋር ያሉ አካባቢዎች ተለይተው ክትባቱ እዚያ ላይ ሲያነጣጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ።

አሁን ምን ይደረግ? ለ70 ሚሊዮን ከብት የጆሮ ቁጥር ይሰጥ አልልም። ከወተት ላሞች እንጀምር። መዝገቡ ደግሞ በከፊል አለ። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሉ ያስረከበውን ሊትር በስሙ ይጽፋሉ። በዚያው መዝገብ በዚህ ወር የተገዛች ወይም የተሸጠች ላም ካለች፣ ከማን ወይም ለማን የሚል አንድ መስመር መጨመር ብዙ ወጪ የለውም። አዳቃዩም ላሟን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያገኛታል። እሱም መጠየቅ ይችላል። ክትባቱ ሲጀመር ደግሞ የተከተበችው ጥጃ በደንብ ትመዝገብ። ቢሲጂ የወሰደች ጥጃ በነባሩ ምርመራ እንደታመመች ልትታይ ትችላለችና። የተከተበችን ከታመመች የሚለይ አዲስ የቆዳ ምርመራ ተዘጋጅቷል። እሱ ከክትባቱ ጋር አብሮ ካልመጣ ግን የገበሬው ጤነኛ ጊደር ያለ ጥፋቷ ዋጋ ታጣለች።

ለገበሬውም እውነቱ ይነገረው። መዝገቡ ላም ለመቀማት ነው ብሎ ከጠረጠረ የሚሰጠን መረጃ ውሸት ይሆናል፣ ሞዴሉም በውሸት ይሠራል። ስለዚህ ቲቢ የተገኘባት ላም ምን እንደምትሆን፣ ካሳ ይኖር እንደሆነ፣ ካልኖረ ለይቶ ማሰር ይፈቀድለት እንደሆነ ከመዝገቡ በፊት በግልጽ ይወሰን። መንግሥት ራሱ ለወጣት ማኅበራት ጊደር ሲያከፋፍል ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለበትም። ከማን እንደገዛ ያውቃል፣ ለማን እንደሰጠ ያውቃል። ከማከፋፈሉ በፊት ያስመርምር፣ ውጤቱንም ከጊደሯ ጋር ጽፎ ይስጥ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ በሚቀጥለው ዙር መጀመር ይቻላል።