ይድረስ ለክቡር ኤክስ፣ ከላይ ለተቀመጡት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን ከመፈለግ በስተቀር ደህና ነኝ።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን እኮ ከሰው ጋር ነበሩ። ሁለት ኤክስ ሲደመር 3 እኩል ይሆናል 11፤ ሦስቱን ቀንሰን ለሁለት አካፍለን እናገኝዎታለን፤ አለቀ። አሥረኛ ክፍል ስንገባ ፓወር ሆነው የቁጥሩ ትከሻ ላይ ፊጥ ብለው አገኘንዎት። ከዚያ ወዲህ እርስዎን ማግኘት የሹም ደጅ መጥናት ሆነ። ያለ ጉዳይ አስፈጻሚ አይታሰብም። ጉዳይ አስፈጻሚዎ ደግሞ ሎግ (ሎጋሪዝም) የሚባለው፣ ፓወሩ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ነው፤ እሱም ያለ ቴብሉ፣ ማለትም ያለ ቁጥር ሰንጠረዡ፣ ንቅንቅ አይልም። 2 ፓወር ኤክስ እኩል ይሆናል 32 ሲሆንማ ጨዋ ነዎት፤ 32ን 2 ፓወር 5 አድርገን ስንጽፈው ወዲያው ብቅ ይላሉ። 30 የሆነ ዕለት ግን የሉም።

ይሄም ይሁን። እኔን ያንገሸገሸኝ አብሮዎት የሚመጣው ወሬ ነው።

«አቶ አበበ 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል ባንክ አስቀመጡ፤ ወለዱ በየዓመቱ እየተደመረ ገንዘባቸው በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል?» እዚህ ላይ ስምዎን ቀይረው ቲ ሆነዋል፤ እናውቅዎታለን። የማስጠናው ልጅ 10,000ን በ1.07 ያባዛና 10,700 ፓወር ቲ ብሎ ቁጭ። ፓወሩ የ1.07 ብቻ ነው እላለሁ፤ ያጠፋል፤ ደግሞ ይጽፈዋል፤ ደብተሩ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወገን ለ10,000 አካፍል፣ 1.07 ፓወር ቲ እኩል ይሆናል 2 ትሁን፣ ከዚያ ሎግ ውሰድ። የ2 ሎግ 0.3010 ሲካፈል ለ1.07 ሎግ፣ ለ0.0294። 10 ዓመት ከ3 ወር ገደማ።

ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እስከዚያ ምን እየበሉ ነው?»

እውነቱን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ልጅ አልታመመባቸው፣ የቤት ኪራይ አልጨመረባቸው፣ ሠርግ አልተጠሩ፣ እቁብ አልጣሉ፣ አንዲት ብር ሳያወጡ የሚኖሩ እኚህ ሰውዬ የት ሰፈር ነው ያሉት? በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የቁጠባ ወለድ መነሻው ያው 7 በመቶ ነበር። ያንኑ ቀመርዎን ለ30 በመቶ ብንጠቀምበት ዋጋ እጥፍ የሚሆነው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ንረቱ እንደዚያው ቢቀጥልማ አቶ አበበ 20,000 ብራቸውን ታቅፈው ገበያ ሲወጡ፣ ድሮ በ10,000 ይገዙት የነበረው ዕቃ ከ140,000 ብር በላይ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። ይሄንን ግን አንድ ቀን ጠይቀውን አያውቁም!

ባክቴሪያዎስ? በየ20 ደቂቃው እጥፍ ትሆናለች ይሉናል። ምግብ አያልቅባትም፣ ቦታ አይጠባትም። በእርስዎ ስሌት የአንዲቷ ዘሮች በ48 ሰዓት ውስጥ ተደምረው ከምድር ይከብዳሉ። (እውነተኛዋ ምግቧ ሲያልቅ መራባቷን ታቆማለች፤ ከአቶ አበበ ይልቅ እሷ ኑሮ ገብቷታል።)

አንዱ የመለማመጃ ወረቀትማ የድንቅነሽን ዕድሜ በካርቦን 14 አስሉ ብሎናል። ጌታዬ፣ ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ካለፈ የሚለካ ነገር አይተርፍም። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው! ዕድሜዋን የነገረን ሐዳር ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ስለዚህ ከላይ ባይወርዱም እንኳ ወሬዎን ይቀይሩልን። ስለ ዘይት ይጠይቁን። ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቁን፤ አከራያችን በየዓመቱ ስንት በመቶ እንደሚጨምሩ በቃላችን ስለምናውቀው ካልኩሌተር በማይገባበት ማትሪክ ላይ እንኳ አንቸገርም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አስጠኚ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሎግ
ለአቶ አበበ (ባሉበት ባንክ)
ለባክቴሪያዋ፣ ቦታ ከተረፋት