ለአንድ ሰዓት መንገድ ሙሉ ቀን ልመና

«አዳማ እኮ ቅርብ ነው፤ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ነው» እያላችሁ የምትመክሩኝ ወዳጆቼ ሁሉ፣ እባካችሁ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቃል እኔ ባለሁበት አታንሱት። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ያ መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን እንደሚያስኬድ፣ እግረኛም ባጃጅም ጋሪም እንደማይገባበት፣ ፍጥነቱም እስከ 120 እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። በአስፋልቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔን ያቃጠለኝ፣ አሁንም ይህን ስጽፍ እጄን የሚያንቀጠቅጠኝ፣ ያ መንገድ ላይ ለመውጣት የሚጠየቀው ልመና ነው።

የአጎቴን ልጅ ጉዳይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ፣ አዳማ ያለች ልጅ ሊያገባ ስለሆነ እሷን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልከን ነበር። ቀጠሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በልጅቷ ቤተሰቦች ቤት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ የቤተሰባችን የንስሐ አባት፣ ሁለተኛው ትልቁ አጎታችን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ለዕርቅ የሚጠራቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ አባት ናቸው። ጉዞውን የማሰናዳት ኃላፊነት ለእኔ ስለተሰጠኝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥቼ፣ ንስሐ አባታችንን ከሽሮ ሜዳ፣ አጎታችንን ከጉለሌ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከሳሪስ አንሥቼ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ፈጣን መንገዱ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ ደርሼ የመንገድ ክፍያ ካርድ መቀበል ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ በ80 ብነዳ እንኳ ከሦስት ሰዓት በፊት አዳማ ገብተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሽማግሌዎቹም ነጠላቸውን አስተካክለው በክብር ይገባሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

«ለምን ከዋዜማው ነዳጅ አልቀዳህም?» የሚል ሰው እንደሚመጣ ስለማውቅ አስቀድሜ እመልሳለሁ። ዋዜማውን ከሥራ እንደወጣሁ ከሜክሲኮ ጀምሬ ያገኘሁትን ማደያ ሁሉ ጠይቄአለሁ። አንዱ ገመድ ዘርግቶ «ቤንዚን አልቋል» ይላል፤ ሌላው «ናፍጣ ብቻ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሰልፉ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ሄዶ እኔ ከመድረሴ በፊት ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ የነዳጅ መብራቷ በርቶ የቆመችውን ኮሮላዬን እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፈጣን መንገድ ላይ ቤንዚን አልቆ መቆም ደግሞ የሰፈር መንገድ ላይ እንደመቆም አይደለም፤ ከኋላ በመቶ የሚመጣ መኪና አለ፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ ሦስት አዛውንት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሦስቱን አባቶች ይዤ ገና በማለዳ አንድ ማደያ ሰልፍ ያዝኩ። የማደያውን ስም አልጠቅስም።

ሰልፉ ላይ የቆየነው እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ነው። እኔ ዛሬ የሽማግሌ ፊት ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ተማርኩ። ንስሐ አባታችን መጀመሪያ ላይ ጸሎታቸውን በዝግታ ይሉ ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሰዓት መጠየቅ ጀመሩ። አጎታችን ወደ ልጅቷ ቤት ደውዬ እንደምንዘገይ እንድነግር ጠየቀኝ፤ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሽማግሌ ልከን፣ ገና ቤታቸውን ሳንረግጥ፣ ቤንዚን አጣን ልበል?

ተራችን ደረሰ። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ታርጋዬን አስገብቼ 3,000 ብር ከፈልኩ። ብሩ ወዲያው ከሒሳቤ ተቀነሰ፤ መልእክቱም ደረሰኝ። ቀጂው ግን የራሱን ስልክ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አልገባም።»

«ተቆርጧል እኮ፤ ይኸው መልእክቱ» ብዬ ስልኬን አሳየሁት።

«መልእክት ለእኔ ምንም አይደለም፤ እዚህ ካልታየኝ አልቀዳም። ወይ ድጋሚ ክፈል፣ ወይ ከሰልፉ ውጣና ጠብቅ።»

«ወንድሜ፣ ሽማግሌዎች ይዤ ለሽምግልና ነው የምሄደው፤ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን።»

በዚህ ጊዜ ማስታወሻ ደብተር የያዘው ተቆጣጣሪ መጣና፣ ወደ መኪናው ውስጥ እንኳ ሳያይ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ነዳጅ የሌለው ሰው ምን ሽምግልና ይሄዳል? ሰው አታስቁም፣ ውጣ!»

ከኋላ ያሉት ጡሩምባቸውን ለቀቁት። አንድ ሰው በመስኮት ወጥቶ «አስወጡት!» ሲል ሰማሁ። እኔ መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት የኋላው በር ተከፈተና ባለከዘራው አባት ወረዱ። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ያንን በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው ፊት ቆመው፣ ለልጅቷ አባት ያዘጋጁትን ትሕትና ሁሉ አውጥተው «ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ልጁ ከፍሏል፤ ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል» አሉት። የተሰጣቸው መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦

«አባባ፣ እዚህ ሽምግልና አይሠራም፤ ሲስተም ነው የሚሠራው።»

በስንት ጠብ መካከል ገብተው ደም ያደረቁ ሰው ናቸው እኮ! ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ርስት የተካሰሱ ወንድማማቾችን ያጨባበጡ ሰው ናቸው። ዛሬ ከማለዳው ተነሥተው ነጭ በነጭ ለብሰው የወጡት ለልጃችን ልጅ ሊለምኑ ነበር፤ የለመኑት ግን ቤንዚን ነው። በወጋችን ሽማግሌ ቆሞ የሚለምነው በልጅቷ ቤት ነው፤ «ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። እኛ ግን የመቆሙን ሥርዓት ማደያ ላይ ጨርሰነው አዳማ ገባን።

ቀጂው ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ የሰው ስድብ ሲቀበል እንደሚውል አላጣሁትም፤ ክፍያው በስልኩ ካልታየው ጉድለቱን ከደመወዙ እንደሚያስከፍሉትም እገምታለሁ። ነገር ግን ብሩ ከእኔ ወጥቶ እሱ ጋ ካልደረሰ፣ በመካከል ያለው ችግር ለምን ሁልጊዜ የከፋዩ ዕዳ ይሆናል? ድጋሚ ክፈል ማለት ቀላል ነው፤ በስልክ ድጋሚ የምከፍለው ከየት አምጥቼ ነው? ያ ብር ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አልተመለሰልኝም። የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ላይ ሙዚቃ ሰምቼ፣ ሙዚቃው አልቆ እንደገና ሲጀምር ሰምቼ ዘጋሁት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ደግሞ ከማደያው አጥር ጀርባ ያየሁት ነው። አንድ ወጣት ቤንዚን በሃይላንድ ሞልቶ ደርድሮ ይሸጣል፤ ዋጋው ከማደያው ከእጥፍ በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሲስተምም ሰልፍም የለም። እኛ ሰልፍ ይዘን ያጣነው ቤንዚን እሱ ጋ በየት በኩል ደረሰ? እኔ ተስፋ ቆርጬ ልገዛ ስል ንስሐ አባታችን ከለከሉኝ፤ «ለጋብቻ የሚሄድ መንገድ በተሰረቀ ነገር አይጀመርም» አሉ። ያወጣን ከኋላችን የነበረ የራይድ ሹፌር ነው። የአባቶችን ሁኔታ አይቶ፣ በራሱ ስልክ ከፍሎልን፣ ጥሬ ብሩን ከእኔ ተቀበለ። የአገልግሎት አንድ ብር ልጨምርለት ስል ተቆጣኝ። ዛሬ በዚያ ማደያ ለሽማግሌ የተንበረከከ ልብ ያየሁት እሱ ጋ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔን የሚያበግነኝ አንድ ነገር አለ። ቤንዚናችን የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ቦቴዎቹ በጋላፊ ገብተው፣ አዋሽን አልፈው፣ አዳማን አልፈው ነው አዲስ አበባ የሚደርሱት። እኔ አዳማ ለመሄድ አዲስ አበባ ላይ የምለምነው ቤንዚን አዳማን ሲያልፍ የዋለ ነው ማለት ነው! ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በበረሃና በአቀበት ተጉዞ የመጣ ነዳጅ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር፣ ከመቅጃው ወደ ታንከሬ፣ መሻገር አቃተው።

«በባቡር ለምን አትሄዱም?» ትሉኝ ይሆናል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው ለገሃር ነበር፤ ናዝሬትም ሲደርስ ሰውን ከተማው ውስጥ ያወርድ ነበር። አያቴ ዘንቢሏን ይዛ ከቤቷ በእግሯ ሄዳ ትሳፈር እንደነበር ስትተርክ ነው ያደግሁት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከፉሪ ለቡ ይነሣል፤ አዳማ ላይም የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሦስት አዛውንት ይዤ ከሽሮ ሜዳ ለቡ ለመድረስ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ማቀድ አለብኝ። በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈውን የድሮውን መንገድ ልያዝ ብል ደግሞ ከከባድ መኪና ጀርባ ጭስ እየጠጣሁ፣ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ፣ መቼ እንደምደርስ የሚነግረኝ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «ኤሌክትሪክ ግዛ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። በምን ብር? መኪና ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብ ያለኝ ይመስል ይህን ምክር ዛሬ የሰጠችኝ ዘመዴ ካነበበች፣ እንዳዘንኩባት ትወቅልኝ።

ነዳጁን ከሞላን በኋላ እንኳ ገና ቃሊቲን ማለፍ ነበረብን። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን መንገድ የምትመላለሱበት ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ለመግለጽ ጉልበት የለኝም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የነዳሁት ጊዜ ከተማው ውስጥ ካሳለፍኩት ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም፤ ቢሾፍቱን አለፍን፣ ሞጆን አለፍን፣ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምሰሶዎች ታዩ። በዚያ ሁሉ መንገድ ማንም አልተናገረም። ባለከዘራው አባት አንድ ጊዜ ብቻ «ልጁ ግን አባባ ብሎኛል» አሉ፤ ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገባኝ።

የደረስነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። የልጅቷ አጎት በሩ ላይ ተቀብሎን «ከአዲስ አበባ ነው ወይስ ከጎንደር የመጣችሁት?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ከእነሱ ወገን የተጠሩት ትልቅ አባት «የናቁን እንደሆነ» ብለው ተነሥተው ሄደዋል። አሁን የእኛ ሽማግሌዎች ከጋብቻው በፊት እኚህን አባት በይቅርታ መመለስ አለባቸው። አንድ ማደያ ላይ ያልታየ ክፍያ ሁለት ቤተሰብ ሊያጣላ ነበር ስል እያጋነንኩ አይደለም።

ባለፈው ዓመት የአክስታችን ባል ቢሾፍቱ ሲያርፉ የሆነውንም አልረሳሁም። አዳማን ትታችሁ ቢሾፍቱን አስቡ፤ ወደ አዳማ ሲኬድ ገና በግማሽ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ያን ቀን መንገዱ ለእንግዳ ተዘግቶ ከቦሌ ወዲህ ሳንነቃነቅ ቆይተን፣ ስንደርስ አፈር ለብሰዋል። እናቴ ወንድም ያህል የምትወደውን ሰው ሳትሰናበት ቀረች። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ማንን ልትጠይቅ እንደምትችልም አታውቅም። እኔ ዛሬ ማደያው ላይ ስቆም የታየኝ የእሷ ፊት ነው።

ሰው ጨረቃ ላይ ለመሄድ ሰዓት የሚቆጥርበት ዘመን ላይ፣ እኛ ጎረቤት ከተማ ያለ ሰው «አራት ሰዓት እንገናኝ» ሲለን «እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ» ከማለት ሌላ የምንሰጠው ቃል አጥተናል። እኔ ሰዓት አክባሪ ሰው ነኝ፤ አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ከዘገዩ ሰዎች ተርታ መቆጠር ያመኛል። ከእኔ በላይ ግን የሚያመኝ የእነዚያ ሦስት አባቶች ክብር ነው፤ ተገቢ ያልሆነ ቦታ ላይ ወድቆ አየሁት፣ ላነሣውም አልቻልኩም።

የልጅቷ ቤተሰቦች «የዛሬ ሁለት ሳምንት ለመልሱ ኑ» ብለዋል፤ ወጉ ነው፣ አይነቀፍም። ሰዓቱ እንደገና አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ከዋዜማው ወስጄ አዳማ ላሳድራቸው ወስኛለሁ፤ ለ85 ኪሎ ሜትር መንገድ የአልጋ ኪራይ፣ እራትና ቁርስ ሙሽራው ይከፍላል፤ እሱም ተስማምቷል። ቤንዚኑን ግን ከአሁኑ መፈለግ አለብኝ። አንባቢዎቼ፣ በሽሮ ሜዳ፣ በጉለሌም ሆነ በሳሪስ በኩል ማታ ማታ ቤንዚን የሚገኝበት፣ ክፍያም የማይጠፋበት ማደያ የምታውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሃይላንድ የምትሸጡ አትጻፉልኝ።