ትርፍ ጭኖ ትርፍ ያጣ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ያለው ሻይ ቤታችን ጭብጨባ በጭብጨባ ሆኖ ነበር። የሰፈር ልጅ ተመርቆ ወይም ዝናብ ጥሎ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ስልኩን ዓይኑ ሥር ድረስ አስጠግቶ «ቶዮታ ዘንድሮም በሽያጭ ከዓለም አንደኛ!» ስላለ ነው። ከመሀላችን የቶዮታ አክሲዮን ያለው የለም። መኪና ያለውስ ስንቱ ነው? ያም ሆኖ ባለ አራት ባጃጁ ጎረቤቴ፣ ሰፈር በሙሉ «አያ» የምንለው፣ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ስኒ ተጋጨ፣ ሻይ ፈሰሰ። «አላልኩም? ወላሂ አላልኩም?» አለ፣ ፋብሪካውን ራሱ ያቋቋመው ይመስል።

እኔ ይህን ልማዳችንን ከልቤ አደንቃለሁ። ጨዋ ሕዝብ ነን። ስለ ነጋዴ ስንጠያየቅ «ስንት ሸጠ?» እንላለን እንጂ «ስንት ቀረው?» ማለት የምቀኛ ሥራ ነው፤ የሰው ኪስ መዳበስ ነውር ነው። ሰርግም ላይ እንዲሁ ነን። አጀቡ ከኮምቦልቻ ሐረጎን እያጓራ ሲወጣ ዳር ቆመን መኪናውን አንድ ሁለት ብለን እንቆጥራለን፤ ሃያ ካለፈ ሙሽራው ሰው ነው። ከሃያው የስንቱ ነዳጅ በብድር እንደተቀዳ የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አልተወለደልንም።

ለዚህ ልማድ ሐውልት ይቁምለት ከተባለ ቦታው የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ከተማ ዲትሮይት ነው። የዚያው ከተማ ፋብሪካ ጄኔራል ሞተርስ (ባጭሩ ጂኤም) ከ1931 እስከ 2007 ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ሰባ ሰባት ዓመት በሽያጭ የዓለም አንደኛ ሆኖ ኖረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ገበያ ከእጁ እየሾለከ ሲያስቸግረው አለቆቹ መላ መቱ፦ «29» የሚል ጌጥ አሠርተው ኮታቸው ላይ ሰኩ። ከመቶው መኪና ሃያ ዘጠኙ የእኛ ይሁን ማለታቸው ነው። እኛ ክታብ አንገታችን ላይ እናስራለን፣ እነሱ ኮት ላይ ይሰካሉ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በ2005 ክረምት ደግሞ ለሠራተኛ ብቻ የነበረውን የቅናሽ ዋጋ ለመንገደኛው ሁሉ ከፈቱት። ሰው ተጋፋ፤ በሰኔ ወር ብቻ ሽያጩ ከአምናው በ41 በመቶ ዘለለ። እንዴት ያለ ድል ነው! ዓመቱ ሲዘጋ ኪሳራው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ግን ሻይ ቤት የሚወራ ነገር አይደለም።

ቁንጮው 2007 ነው። በዚያ ዓመት 9.37 ሚሊዮን መኪና ሸጡ፣ 38.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰሩ። ሒሳብ ዐዋቂዎች አብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከመዝገብ የተሰረዘ የግብር ሒሳብ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ለመኪናው ሳካፍለው በአንዱ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። መኪና ሰጥቶ አራት ሺህ ዶላር የሚመርቅ ነጋዴ ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ እንኳ አልታየም፤ ግመል ሻጩ ቢያደርገው ዘመዶቹ ይዘው ጠበል ይወስዱት ነበር። በሰኔ 2009 ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ልብ በሉ፣ ያን ዕለትም ከዓለም ሁለተኛ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆኑ ለሚል ሰው ዲትሮይት ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። መናኸሪያ ወርዶ የኮምቦልቻን ሚኒባስ ይመልከት። መኪናው ሊንቀሳቀስ ነው፣ ሁለት ወንበር ጎድሏል። ነዳጁ ለባዶ ወንበርም ይቃጠላል፣ ሾፌሩም ለባዶ ወንበር ብሎ ደመወዙን አይቀንስም። ስለዚህ ረዳቱ በመጨረሻዋ ደቂቃ «ና ግባ፣ ያለህን ስጠኝ» ይላል። ብልህ ልጅ ነው። የመኪና ፋብሪካም አንድ ነው፦ ቆርቆሮ የሚጨፈልቀው ማሽን፣ ቀለም የሚቀባበት አዳራሽ፣ የጡረተኛው ሕክምና፣ ይህ ሁሉ ሸጠም አልሸጠም ይከፈላል። ጂኤም እንዲያውም ሥራ ላጡ ሠራተኞቹ ሳይቀር በውል ይከፍል ነበር። ታዲያ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሠርቶ በርካሽ መበተን ይሻላል ይባላል።

ጣጣው ተሳፋሪው ላይ ነው። የመጨረሻዋን ደቂቃ ዋጋ አንዴ የቀመሰ ተሳፋሪ ሁለተኛ ቀድሞ አይገባም፤ ጥላ ሥር ቆሞ ረዳቱ እስኪለምነው ይጠብቃል። የአሜሪካ መኪና ገዢም ጥላ ሥር ቆመ። ቅናሽ ሲኖር ይመጣል፣ ቅናሽ ሲነሳ ቤቱ ይተኛል።

በዚህ ጊዜ ረዳታችን ሌላ መላ አለው፤ ትርፍ ይጭናል። ቋንቋችን እንዴት ተንኮለኛ ነው! ወንበሩ ሞልቶ በርጩማ ላይ የሚቀመጠውም ትርፍ፣ ማታ ሒሳብ ተዘግቶ የሚቀረውም ትርፍ። የመጀመሪያው በዝቶ ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስበት ሁለተኛውን ይዞት ይሄዳል።

ቮልስዋገንን ተመልከቱ። በ2018 ቶዮታን አልፌ የዓለም አንደኛ እሆናለሁ ብሎ ዐቅዶ ነበር። እቅድ እንዲህ ሲሳካ አላየሁም፤ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ2016 ወደ 10.3 ሚሊዮን መኪና ሸጦ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በመስከረም 2015፣ ብቻ ትንሽ ነገር ገጥሞት ነበር፦ 11 ሚሊዮን ገደማ ናፍጣ መኪናዎቹ ውስጥ፣ የጭስ ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጨዋ የሚሆን፣ መንገድ ላይ ሲወጣ እንደልቡ የሚያጨስ ፕሮግራም ተገኘበት። ቅጣቱና ካሳው ከ30 ቢሊዮን ዩሮ አለፈ። የትራፊክ ቅጣት ነው እንበለው። የዚያን ዓመት አንደኝነቱን ማን ወሰደበት?

አያም እንዲሁ አንደኛ ነው። የሰፈራችንን መስመር የያዘው ዋጋ ሰብሮ ነው። ሌሎቹ ባጃጆች ሰብረው ሲከተሉት እሱ ደግሞ ሰበረ፤ ተሳፋሪው መረቀው፣ መስመሩም የእሱ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ሊለውጥ ሲል ጓሮው ገብቼ አየሁ። አራተኛው ባጃጅ የፊት ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ቆሟል። መብራቱ ለሁለተኛው ተሰጥቷል፣ ባትሪው ለሦስተኛው። የኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ገብታ ሰባት ዕንቁላል ታቅፋለች። አያ ግን ሲቆጥር አራት ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ከአራቱ ትርፍ ያስገኘው ይኸው አራተኛው ብቻ ነው።

«አያ፣ ሁለቱን ሸጠህ ሁለቱን በደንብ ብትይዝስ?» አልኩት።

«ሰው ምን ይለኛል? ወደቀ ሊሉኝ?»

የፌራሪ ሰዎች ይህን ይሉኝታ አልፈጠረባቸውም። በ2024 ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ያስረከቡት 13,752 መኪና ነው። ይህን ሻይ ቤት ሳነበው ሳቁ አላስቆም አለኝ። «ወላሂ፣ የደሴ ባጃጅ ይበልጠዋል!» አለ አንዱ። ተቆጥሮ ባያውቅም ማንም አልተከራከረውም። ያቺ ጥቃቅንና አነስተኛ ኩባንያ በዚያችው 13 ሺህ ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የተጣራ ትርፍ ይዛ ቤቷ ገባች። ኒሳን ደግሞ እስከ መጋቢት 2025 ባለው የሒሳብ ዓመቱ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጦ 670 ቢሊዮን የን ከሰረ፤ 20 ሺህ ሠራተኛ ቀንሶ ሰባት ፋብሪካ እንደሚዘጋም ተናገረ። ለማን እንዳጨበጨብን ገምቱ።

ደላላችንን ደስ ያሰኘው ግን የቻይናው ነው። እዚያ ከ2023 ወዲህ ባለ መኪናዎቹ ዋጋ እየሰበሩ ይፋጃሉ፤ ቢዋይዲ የተባለው ፋብሪካ በግንቦት 2025 ሃያ ሁለት ዓይነት ሞዴል ላይ እስከ 34 በመቶ ድረስ ቀነሰ። መንግሥታቸው ራሱ «ኧረ በዛ» ማለት ጀመረ። ከዚህ ሁሉ ግን እዚያ ገበያ ላይ «ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገለ መኪና» የሚባል ነገር ተወልዷል። መኪናው ከመደብር ሳይወጣ ሰሌዳ ይወጣለታል፣ «ተሸጠ» ተብሎ ይቆጠራል፣ ከዚያ አንድ ሜትር ሳይነዳ «ያገለገለ» ተብሎ ለእውነተኛው ገዢ ይቀርባል። ደላላው ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። «ሃያ ዓመት ደልያለሁ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ግን አልመጣልኝም።»

አንድ ነገር አልደብቅም፤ ብዛትን የማከብርበት ቦታ አለኝ። ኮሮላ መርሳ ላይ ቢቆምባችሁ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ዕቃው ደሴ ቢጠፋ ኮምቦልቻ አይጠፋም። ብርቅ መኪና የያዘ ግን አንዲት ላስቲክ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሳምንት በእግሩ ይሄዳል፤ ልሽጣት ሲልም የሚጠይቀው የለም። ለፋብሪካውም ቢሆን አንዱ ሞተር የተነደፈበት ወጪ ለሚሊዮን መኪና ሲከፋፈል ይቀላል፣ መለዋወጫውም እየተሸጠ ይኖራል። ቶዮታ የሚያተርፈው በዚህ ነው። እንዲህ ያለው ብዛት ግን ዋጋ በመስበር ብቻ የሚመጣ አይደለም፣ መኪናውም እንዳይበላሽ ሆኖ መሠራት አለበት። ይህን ማብራራት ጀምሬ ነበር፤ አንዱ አዛጋ፣ ሌላው የእንግሊዝ ኳስ ከፈተ።

ቀድሞ ያመሰገንኩት ጂኤም አሁን አሳፍሮኛል። በ2017 የአውሮፓ ክንፉን ኦፔልን ለፈረንሳዮቹ ሸጦ ከአውሮፓ ወጣ። እዚያ ከ1999 ወዲህ ዓመቱን በትርፍ ዘግቶ አያውቅም ነበር፤ ቢሆንስ? ሚሊዮን መኪና ከቁጥር ይጎድላል? ዛሬ ከአንደኝነቱ ወርዶ ወርዶ የት እንደደረሰ ሻይ ቤታችን ውስጥ የሚያነሳው የለም። በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ቢያተርፍም አላጨበጨብንለትም።

የሻይ ቤቷን ባለቤት እትዬን ረሳኋቸው። ከፒያሳ ሻይ ቤቶች ሰው የሚበዛው እሳቸው ጋ ነው፤ ማንም አይክደውም። ያን የጭብጨባ ቀን የፈሰሰውን ሻይ እየጠረጉ የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። ስም በስም ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ እኔም አለሁ። «ስኳር ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ ልጆቼ?» አሉ። አላወቅንም። «እትዬ፣ ደንበኛ በደንበኛ ነዎት እኮ!» አላቸው አያ።

ዛሬ ጠዋት ስሄድ ሁለቱ አግዳሚዎች የሉም። ለጎረቤት ሸጠዋቸዋል። ደብተሩም የለም። ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ ስድስቱም ከፍሎ። አያ ቦታ አጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው የተጣጠፈ ብር ይዟል።

«ምስኪን» አለኝ ወደ እሳቸው በአገጩ እያመለከተ፣ «ወደቁ።»