የተዘመዘመ ቀዳዳ

ጎበዝ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት፤ «ከዜሮ ተነሳን» የሚሉ ባንዶችን ሳንጠይቅ ስለምናምን። ድሬ ላይ ተቆጪ እንደማይወደድ አውቃለሁ። «አቦ አታካብድ» ተብዬ እንደምሸኝም አውቃለሁ። ይሁን።

ባለፈው ሳምንት መጋላ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሱሪዬን ዚፕ አስቀይር ነበር። አንድ ወጣት መጣ። እዚሁ ከታይዋን ገበያ የገዛውን አዲስ ጂንስ ይዟል፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። «ጉልበቱ ላይ ቅደድልኝ» አለው ሰፊውን። (ሰፊው አባቱን ያክላል። ግን ድሬ ነው፣ አንቱታ የለም።) ሰውየው እየሳቀ በመቀስ ሸረከተለት። ክሩ መተርተር ሲጀምር ልጁ ደነገጠ። «ኧረ ወደ ታች እየወረደ ነው! ዙሪያውን ዘምዝመው።» ሱሪው ማሽን ላይ ወጣ፣ ቀዳዳው ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ተዘመዘመ። አሁን ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። አይሰፋም፣ አይጠብም።

ልጁ ሥራው እስኪያልቅ ስልኩን አውጥቶ አንድ የእንግሊዝ የፐንክ ባንድ አሳየኝ (ፐንክ ጩኸትና የተቀደደ ልብስ የሚበዛበት የሮክ ሙዚቃ ነው)። አዲስ ናቸው፤ ወሬያቸው ግን አገሩን ሞልቶታል። ስማቸውን አልጠራም፣ በየስድስት ወሩ አንድ እንዲህ ያለ ባንድ ስለሚመጣ ቢጠራም ባይጠራም ለውጥ የለውም። አራት ልጆች፣ የተቀደደ ካናቴራ፣ ጩኸት። «ከዜሮ ነው የተነሱት ወሪያ፣ ምድር ቤት ውስጥ እየተለማመዱ» አለኝ። ክሊፑን ደግሜ አየሁት። ምድር ቤት የተባለው ክፍል ውስጥ መብራት ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ካሜራው ይንሸራተታል እንጂ አይንቀጠቀጥም። ከበሮዎቹ ለየራሳቸው ማይክ ተደርጎላቸዋል። ዜሮው እንዲህ ካማረ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ምን ሊሆኑ ነው?

እኛ እኮ በዕቃ የምንታማ ሰዎች አይደለንም። ታይዋን ገበያ ገብተን ጫማ ስንገዛ ሶሉን እናጥፋለን፣ ስፌቱን በጥፍራችን እንፈትሻለን፣ እናሸታለን። «ኦሪጅናል ነው ፎርጅድ?» ብለን ነጋዴውን እናስምላለን። ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ብልጠት የት ይገባል? የድህነት ታሪክ ከተለጠፈበት ሳናገላብጥ እንገዛለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ፐንክ ባንዶች አንዱን፣ ሴክስ ፒስቶልስን፣ ያደራጃቸው ማልኮም ማክላረን፣ ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ ከቪቪየን ዌስትውድ ጋር የልብስ ሱቅ ነበረው። ኒው ዮርክ ሄዶ ሪቻርድ ሄል የሚባለውን ሙዚቀኛ በቀዳዳ ልብሱና በመርፌ ቁልፉ አየው፤ ሐሳቡን ይዞ ተመለሰ። ዘፋኙን ጆን ላይደንን በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የፈተኑት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ሳንቲም ከሚበላው የሸክላ ማጫወቻ ጋር እንዲጮህ አድርገው ነው። በዓመቱ ኢኤምአይ የሚባለው የሸክላ ኩባንያ በ40,000 ፓውንድ አስፈረማቸው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ኦሪጅናሎች እንኳ ከሱቅ ነው የወጡት። ላይደን ግን የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፣ ሰሜን ለንደን በችግር ያደገ። ሱቁ የማክላረን፣ ጉሮሮው የላይደን ነበር።

ክላሽ የሚባሉ ሌላ የለንደን ፐንክ ባንድም አሉ። ዘፋኛቸው ጆ ስትረመር ለተገፋው ሰው ይዘፍን የነበረ ነው። አባቱ ግን የእንግሊዝ ዲፕሎማት ነበር፣ እሱም በ1952 የተወለደው አንካራ ነው፣ የተማረውም አዳሪ ትምህርት ቤት። ባንዱ በጥር 1977 ሲቢኤስ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር በ100,000 ፓውንድ ሲፈራረም፣ ማርክ ፔሪ የሚባል የፐንክ መጽሔት አዘጋጅ ፐንክ በዚያ ቀን ሞተ ብሎ ጻፈ። እኔ አልስማማም። በኋላ እኒያው ልጆች ሁለት ሸክላ ያለውን አልበማቸውን በአንድ ሸክላ ዋጋ ይሸጥ ብለው ከኩባንያው ጋር ተሟግተዋል፣ ተሳክቶላቸዋልም። ሀብታም ቤት መወለድ ጉሮሮ አይዘጋም።

መሰላል ያለው ይውጣበት፣ ማንም አይከለክለውም። ጣሪያው ላይ ደርሶ መሰላሉን ከደበቀና «ዘልዬ ነው» ካለ ግን፣ ታች ሆኖ ለመዝለል የሚሞክረው ልጅ እግሩን ይሰብራል። ያ ሱሪውን ያስቀደደው ልጅ እነሱን ያህል አለመድረሱን ከችሎታ ማነስ ነው የሚቆጥረው። ከመጀመሪያው መድረክ በፊት ማናጀር የነበራቸው ባንዶች እንዳሉ ማን ነገረው? ትልቅ ባንድ ፊት መድረክ ለማሞቅ አዲሱ ባንድ ራሱ ገንዘብ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ደሞዝ ሳይፈልጉ ሁለት ዓመት ሙሉ መለማመድ፣ የለንደንን ኪራይ ሌላ ሰው እየከፈለ፣ እሱም መሰላል ነው። ክሊፑ ላይ ግን አይታይም።

መሰላሉን መናገር ይቻላል ደግሞ። በዝኮክስ የሚባሉት የማንችስተር ባንድ በጥር 1977 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ራሳቸው አሳተሙ። ከዘመድ ከወዳጅ 500 ፓውንድ ተበደሩና 1,000 ቅጂ አወጡ። ሽፋኑ ላይ የትኛው ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ፣ ከላይም ምን እንደተጨመረበት ጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ስክሪቲ ፖሊቲ የሚባሉት ብሰው መጡ። ወጪያቸውን አንድ በአንድ አተሙት፤ ለስቱዲዮ ይህን ያህል፣ ለማተሚያ ይህን ያህል። ሸክላ ሽፋን ላይ ደረሰኝ! ይህን ሳነብ ከት ብዬ ነው የሳቅኩት፣ ከዚያ ቀናሁ። የኛዎቹ ለአንድ ክሊፕ ስንት እንደወጣ ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳቸው።

መሰላል የሌለው ምን እንደሚሆን ማወቅ ከፈለጋችሁ የዲትሮይቶቹን የሃክኒ ወንድማማቾች ጠይቁ። ሦስት ጥቁር ልጆች ናቸው። ፐንክ የሚባል ስም ገና በደንብ ሳይለመድ፣ በ1975፣ ያንኑ የሚመስል ሙዚቃ ቀረጹ። የባንዱ ስም ዴዝ ነበር፣ ሞት ማለት ነው። የሸክላ ኩባንያ ሰው ስሙን ቀይሩ አላቸው። ታላቅየው ዴቪድ አሻፈረኝ አለ። ሥራው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ዴቪድ በ2000 አረፈ፣ አልበሙ በ2009 ወጣ።

ሩቅስ ለምን እንሄዳለን? ገንደ ቆሬ ሰፈር የተወለደው አሊ ቢራ በልጅነቱ የገባበት የሙዚቃ ቡድን፣ አፍረን ቀሎ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ድሬ ሲነሳ ከኋላው አሳታሚ አልነበረውም። መድረኩ ሠርግ ቤት ነበር። በኦሮምኛ መዝፈናቸው ለዘመኑ መንግሥት አልተዋጠለትም። ቡድኑ ታገደ፣ አባላቱ ታሰሩ፣ ወደ ጅቡቲም የተሰደዱ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ቀዳዳቸውን የዘመዘመላቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ስለ አንድ የከተማችን ቡድን ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። «ያለማንም ድጋፍ፣ በባዶ ኪስ» አልኩ። እንባ አካባቢ ደርሼም ነበር። ጽሑፉን ሰው ተቀባበለው። በኋላ ነው የሰማሁት፤ የመለማመጃውን ቤት፣ ጀነሬተሩን፣ የአዲስ አበባውን ስቱዲዮ ሁሉ የከፈለው የአንደኛው ልጅ አባት ነው። ልጆቹ አልዋሹኝም። መች ጠየቅኳቸውና! ድህነቱን ቀድጄ የዘመዘምኩላቸው እኔ ነኝ። ሥራቸው መካከለኛ ነበር፣ ታሪኩ ጣፈጠኝና ጆሮዬን ዘጋሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንደኔ?

በሌላኛው ጥግ የቆማችሁትንም አልምርም። ማንም ብቅ ሲል «ማን አወጣው?» የምትሉትን። በተለይ ሴት ስትሆን። ፈረንጆቹም ዘንድ ሴቶች የበዙበት ባንድ ቶሎ ከታወቀ «ኩባንያ የተከላቸው ናቸው» የሚለው ክስ ይፈጥናል፤ ወንዶቹ በአጎታቸው ስቱዲዮ ሲቀርጹ ጠያቂ የለም። እኛ ጋ ደግሞ ጥያቄው ከነሳቁ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ጊታር ስትይዝ ጣቷን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጫፉ ደድሮ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ያንን አባትም ስፖንሰርም አይገዛም። መጠየቅ ካማራችሁ እሷንም አጎቱ ስቱዲዮ ያለውንም በአንድ አፍ ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱን ብዬ ላብቃ። ሳቢያን አካባቢ አራት ልጆች አሉ፣ ጩኸታቸው ለጎረቤት ፈተና የሆነ። ጊታራቸው አንድ ነው፣ ለሁለት ይጋሩታል። ቀጭኑ ክር ከተበጠሰ ወር ሆኖታል፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እየጠበቁ ነው። ባለፈው አንድ ትንሽ አዳራሽ ለምነው ሲጫወቱ መግቢያው 50 ብር ነበር። በሩ ላይ የነበረውን ጉድ ባያችሁ! «ወሪያ እኛ እኮ ቤተኛ ነን፣ አስገባን።» «የሰፈር ልጅ ሆኜ እከፍላለሁ?» 50 ብር የበዛበት ሰው በርጫው ላይ ስንት እንደሚያወጣ እኔ አልናገርም። ሌሊቱን ሙሉ ዳታ እየሞላ የእንግሊዞቹን «ምድር ቤት» የሚያየውም እሱ ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው። ከሰው መሀል የከፈለው ሩብ ቢሆን ነው። የአዳራሹ ኪራይ ሳይሞላ ቀረ፣ ልጆቹ ቀሪውን ከኪሳቸው ከፈሉ። በነገራችን ላይ ይህን ራሳቸው ነገሩኝ፣ ስንት እንደጎደለም ጭምር፣ ሳያፍሩ።

በመጪው ቅዳሜ ይደግሙታል። ክሩ ከደረሰ በስድስት ክር፣ ካልደረሰ በአምስት። መግቢያው አሁንም 50 ብር ነው። እኔንም በሩ ላይ «ጋዜጠኛ ነገር ነኝ» እያልኩ ስከራከር ካያችሁኝ ኮሌታዬን ይዛችሁ አስከፍሉኝ።