የሽሮ ሜዳ ቀሚስ በኢንተርኔት ሲሸጥ

እዚህ ሜሪላንድ የማውቃቸው የሐበሻ ልብስ ሻጮች ኤትሲ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ ቴሌግራም ላይ። ሰው ቶሎ የሚያወዳድረው ክፍያውን ነው። ኤትሲ ዕቃ ለመለጠፍ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይወስዳል። ሲሸጥ 6.5 በመቶ፣ ለክፍያ ማስተናገጃ ደግሞ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይቆርጣል። ከ100 ዶላር ቀሚስ ወደ 10 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ቴሌግራም ቻናል ለመክፈት ግን የሚከፈል የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ማን ይጠየቃል? እዚህ ገዢዋ ሻጯን ማወቅ አያስፈልጋትም። ቀሚሱ ካልደረሰ ወይም ፎቶው ላይ ካየችው ከተለየ ለኤትሲ ታመለክታለች። አዲስ አበባ "መጀመሪያ ክፈይ" ትባላለች። በቴሌብር ወይም በባንክ ትልካለች፣ ስክሪንሾቱን ትልካለች፣ ከዚያ ሞተረኛውን መጠበቅ ነው። ሻጯም ሰላም የላትም። የሐሰት ስክሪንሾት ልኮ ዕቃ የሚወስድ ስላለ፣ ብሩ መግባቱን አካውንቷ ላይ ሳታይ ዕቃውን መልቀቅ የለባትም። ሁለቱም ሐቀኛ ሆነው ሁለቱም ይፈራሉ። ይሄ ያሳዝነኛል። ዋጋ ሲጠየቅ "በውስጥ መስመር" ማለትም ጥርጣሬውን ያብሰዋል። ኧረ ዋጋ ይለጠፍ!

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ በጣም ቀሏል። አሁን የሚያስፈልገው ዕቃው ተፈትሾ እስኪረከብ ድረስ ገንዘቡን መሃል ላይ ይዞ የሚያቆይ አሠራር ሰፊው ገበያ ውስጥ መለመዱ ነው። ለእሱ ትንሽ ኮሚሽን ቢቆረጥ እንኳ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ወደ ውጭ መሸጥ ሲታሰብ ደግሞ ጣጣው ይለያል። ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ አስተናጋጅ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት አይከፍትም። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ በራሷ ንግድ ስም የስትራይፕ አካውንት የሚጠይቅ ሱቅ መክፈት አትችልም። ስለዚህ ሱቁ አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም ይከፈታል። መተጋገዙ ደስ ይላል፤ እኔም አበረታታለሁ። ግን ሽያጩ በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ዘንድ የሚታወቀው በዘመድየው ስም ነው። ሽያጩ ሲበዛ 1099-ኬ የሚባለው፣ በሽያጭ የገባውን ገንዘብ ለግብር ሰብሳቢው የሚያሳውቀው ቅጽ የሚመጣው ለእሱ ነው። ስለዚህ ለሱቁ ብቻ የባንክ አካውንት ይከፈት። ወደ አገር ቤት የተላከው ሁሉ ይመዝገብ። ግብሩን ማን እንደሚችለውም የመጀመሪያው ቀሚስ ሳይለጠፍ ተነጋገሩ፤ ሚያዝያ ላይ ግብር ማስገቢያው ሲደርስ "ዘመድ አይደለን እንዴ" ቢባል ሒሳቡን አይዘጋውም።